የኤፊ እጅ አልቆሰለም

በግላስጎው ከተማ፣ ስሙን ለክብሩ ስል ለማልጠራው የሥዕል ቤተ መዘክር፤
ለክቡር ዋና ኃላፊ፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጉልበትዎ ደረጃ የሚወጣ፣ ዓይንዎም ደቃቅ ጽሕፈት የሚለይ ይሁን። እኔ የሉዊስ ደሴቱ አሣ አጥማጅ ቶርክዊል ማክኦሌ ነኝ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይህን የምትጽፍልኝ የፖስታ ቤታችን ሠራተኛ ናት፤ ቃሌን እንዳታለዝበው አስምያታለሁ።

የልጄ ልጅ ማርሻሊ ከተማችሁ ውስጥ ሥዕል ትማራለች። ባለፈው ማክሰኞ ለትምህርቷ በአንድ ቀን ሦስት ቤተ መዘክር ማየት ነበረባትና እኔንም ይዛኝ ዞረች። በመጀመሪያው ቤት እጅና አፍንጫ የሌላቸው የድንጋይ ሰዎች አየን። በሁለተኛው አንድ ነጭ ሸራ ፊት ቆሜ ሠዓሊው እስኪመጣ ብጠብቅ፣ «አባባ፣ አልቋል እኮ» አለችኝ። ሦስተኛው የእርስዎ ነው፤ ምስጋናዬም ከዚያ ይጀምራል።

፩ኛ፤ ከሞተች አሥራ አንድ ዓመት የሆናትን ሚስቴን ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ። በአንድ ሥዕል ውስጥ፣ ወደቡ ላይ ከሴቶቹ ጋር ቆማ የአሣ ሆድ ዕቃ ታወጣለች። ቢላ እንዳይቆርጣቸው ሁሉም ጣታቸውን በነጭ ጨርቅ ይጠቀልሉ ነበር፤ የቀለበት ጣቷን በሰማያዊ የምትጠቀልለው ግን አንዲት ብቻ ናት። ጨርቁ ከሸሚዜ የተቀደደ ነው።

ማርሻሊን ከሥሩ የተለጠፈችው ወረቀት ምን እንደምትል ጠየቅኋት። ወረቀቷን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ «ኤፊ ማክኦሌ፣ ከወደቡ ሴቶች ሁሉ እጇ የሚፈጥን፣ ይላል አባባ» አለችኝ። ባርኔጣዬን አወለቅሁ።

፪ኛ፤ ዘበኛዎንም አመሰግናለሁ። ከደስታዬ ብዛት ጠራሁትና «ና እስቲ የኔ ልጅ፣ የሚስቴን ስም አንተም አንብብልኝ» አልኩት። ምን ያድርግ፣ ጎንበስ ብሎ ያለውን አነበበ፤ «ስሟ ያልታወቀ ሠራተኛ፤ እጇ ቆስሎ።» ማርሻሊ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ክቡር ሆይ፣ ያ እጅ ቆስሎ አያውቅም። ጨርቁ እኔ ያሰርኩላትን ቀለበት ጨው እንዳይበላው ነበር። ስሟም ቢሆን የተደበቀ አልነበረም፤ ቀኑን ሙሉ ወደቡ ላይ እየጮኹ ይጠሯት ነበር። ሠዓሊው ያን ሁሉ ሰዓት ጣቷን አፍጥጦ ሲያይ፣ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ቢጠይቃት ትነግረው ነበር።

፫ኛ፤ በሕይወቷ ዋሽታ የማታውቅ ልጅ ለአያቷ ስትል ውሸት እንድትማር ስላደረጉልኝ፣ ለዚህስ ምስጋና አጣሁ። ወደ ቤቷ ስንመለስ አልተቆጣኋትም፤ እጇን ይዤ ነበር።

ሥዕሉን መልሱልኝ አላልኩም። ከሥሩ ያለችውን ወረቀት ልጅቷ እንዳነበበችው አድርገው እንዲያጽፏት ብቻ እለምናለሁ።

ባርኔጣውን እንደገና ለማውለቅ በትዕግሥት የሚጠብቅ፣ ስሙ የታወቀ የኤፊ ባል፣
ቶርክዊል ማክኦሌ (የአውራ ጣት አሻራ)

የተረሳ፦ በጎቼን ሸልቼ እንደጨረስኩ እመለሳለሁ። ወረቀቷን ቢቀይሯትም ባይቀይሯትም እኔ አላውቅም፤ ፊቷ ቆሜ ያው ማርሻሊን «አንብቢልኝ» ነው የምላት። እባክዎ፣ ልጅቷን ሁለተኛ አያስዋሿት።