የእባቦችህ መደርደሪያ ለምን እንደጋለ

ለውድ ወንድሜ ለጌዲዮን፣

ይህን ደብዳቤ ቆመህ የምታነብ ከሆነ እባክህ ቁጭ በል። ተቀምጠህም ከሆነ የምትደገፍበት ነገር ፈልግ። በቤታችን ላይ ከባድ ነገር ደርሷል። በአንድ ትንፋሽ የሚነገር ስላልሆነ ቀስ ብለህ እንድትቀበለው ከሰላምታው ልጀምርልህ።

ለመሆኑ እንዴት ነህ? የሎጊያ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? ወገብህን ያመኛል ያልከውስ ተሻለህ? አሁንም ፍራሽህ ላይ ውሃ እያርከፈከፍክ ነው የምትተኛው? የካምፑ ምግብ ተስማማህ ወይስ ከስተሃል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ደህና ነን ስልህ ሰዎቹን ማለቴ ነው፤ ስለ እባቦቹ ገና ምንም አልተናገርኩም።

በስልክ ያልነገርኩህ፣ እሁድ እሁድ ስትደውል እማዬ ጆሮዋን ከስልኩ ጋር አጣብቃ ስለምትቆም ነው። ነገሩን ለአንተ እንዳልናገር አስምላኛለች። እንዳልጽፍ ግን አላስማለችኝም። ስለዚህ ወረቀቱን ለሰቦቃ ሰጠሁት፣ ያ ጎረቤታችን ባለ ተሳቢው ሹፌር፤ ከቃሊቲ ጭኖ ጅቡቲ ሲወርድ በደጅህ ነው የሚያልፈው። ከፍቶ እንዳያነበው ፖስታው ላይ «ውስጡ እባብ አለ» ብዬ ጽፌበታለሁ። በሁለት ጣቱ ይዞ ነው የተቀበለኝ።

እንግዲህ ስትሄድ፣ ኮዬ ፈጬ ስትሠራ ከድንጋይ ስር ያወጣሃቸውን «የቤት እባብ» የሚባሉ ሦስት እባቦች አደራ ብለህ ሰጠኸኝ። መርዝ የላቸውም፣ ከእኔ ከቀናው ይልቅ እነሱ ጨዋ ናቸው ብለህ ለእማዬ ስትምልላት ሰምቼሃለሁ፤ ተቀይሜሃለሁም። ቢሆንም በዚህ ጉዳይ ቀልድ የለም ብዬ ቃል ገባሁልህ። ባለ ሦስት መሳቢያ መደርደሪያህን በየቀኑ እወለውላለሁ፣ ውሃቸውን እቀይራለሁ። ትልቋን ደግሞ እትዬ እያልኩ ነው የምጠራት፤ ፊቷ የድሮዋን የሒሳብ አስተማሪያችንን ይመስላል።

ኅዳር ሲገባ ብርዱ መጣ፣ በዚያው ሰሞን ያሞቃቸው የነበረው አምፖልህ ተቃጠለ። ሳሪስ ብወጣ እንደ ድሮው የሚግል አምፖል ጠፍቷል። ያሁኖቹ ብርሃን ብቻ ናቸው፤ ስትነካቸው ቀዝቃዛ። አንዱ ሱቅ የምድጃ ሽቦ ልሽጥልህ አለኝ። እሱን ብገዛ ኖሮ ዛሬ የምጽፍልህ ስለ እባብ ጥብስ ነበር። በመጨረሻ ዘካሪያስ የሚባል የዶሮ ዕቃ የሚሸጥ ሰውዬ ለጫጩት ማሞቂያ የሚሆን ሽቦና የእንቁላል ማስፈልፈያ ቴርሞስታት ሰጠኝ። ቴርሞስታት ማለት ጫፉ ላይ ሴንሰር ያለው ዕቃ ነው፤ ሴንሰሩ ሲሞቀው ሽቦውን ያጠፋል፣ ሲበርደው ያበራል። ምን ልታስፈለፍል ነው ሲለኝ እባብ አልኩት። ሳቀ። እውነት ስናገር ሰው ሁሉ የሚስቅብኝ ነገር አይገባኝም።

ወረቀትህ ላይ «ከኋላ 31፣ ከፊት 25፣ ራሳቸው ይምረጡ» ብለሃል። እኔ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው፣ በአንድ መሳቢያ ውስጥ ሁለት አየር እንዴት ይኖራል? እህታችን ማህሌት ናት ያስረዳችኝ፤ ከኋላ ሎጊያ ከፊት አቃቂ ማለት ነው፣ ሲበርዳቸው ወንድምህ ጋ ይሄዳሉ፣ ሲሞቃቸው ወዳንተ ይመጣሉ አለችኝ። ያኔ ቁልጭ አለልኝ። ሽቦውን ከመደርደሪያው ጀርባ ዘረጋሁት፣ ሴንሰሩን አጠገቡ በማህሌት የቁስል ፕላስተር ለጠፍኩት፤ እትዬ መሳቢያ ውስጥ ደግሞ ከኋላ በኩል ለጥንቃቄ ሌላ ቴርሞሜትር አስቀመጥኩ። አንድ ሳምንት ሁለቱም 31 እያሉ ተስማምተው ኖሩ።

ከዚያ ነው ጉዱ የመጣው። አንድ ቀን ጠዋት ሳይ ቴርሞስታቱ 28 ይላል፣ ሽቦውን አብርቶ ገና ሊያሞቅ ይፈልጋል። መሳቢያውን ስስብ የውስጡ ቴርሞሜትር 38! እትዬ ከፊት ለፊት ጥግ ላይ ተለጥፋ አፏን ከፍታለች። ጌዲ፣ እኔ እባብ አፉን ሲከፍት ሊነክስ ነው ብዬ ነበር የማስበው፤ እሷ ግን አየር ነበር ያጣችው። ሽቦውን ነቅዬ፣ ሳህን ውስጥ አድርጌያት በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። በደብተር ሽፋን እያራገብኩ አይዞሽ አልኳት። ይህን ለማንም እንዳትናገር።

ግራ የገባኝ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። እኩለ ቀን ሲሆን ሁለቱም ተመልሰው 31 አሉ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። በማግስቱ ጠዋት እንደገና 28 እና 38። ከሰዓት ሰላም። አንዱ ሲበርደው አንዱ የሚሞቀው፣ ሁለቱም ደግሞ አንድ መደርደሪያ ላይ! ጠዋት ጠዋት ፋብሪካዎቹ ሥራ ሲጀምሩ መብራቱ ይዘበራረቃል ብዬ አሰብኩ። ቴርሞስታቱ ጠዋት የሚነሳበት በሽታ አለው ብዬም አሰብኩ። መደርደሪያውን ከግድግዳው አርቄ ቦታ ለወጥኩ። ሠላሳ አንዱን ሃያ አምስት አደረግሁት፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በብርድ ተጠቀለሉ። መልሼ ሠላሳ አንድ አደረግሁት። ማታ ተሞልቶ የተቀመጠ ቁጥር ሲነጋ ሌላ እየሆነ፣ የቱን ማመን እንዳለብኝ ጠፋኝ።

የሚያምነኝም አጣሁ። ባለፈው ዓመት የጎማ ቁራጭ መሳቢያው ላይ አንጠልጥዬ አመለጠ ብዬ ስጮህ እማዬ ጠረጴዛ ላይ የወጣችውን ታስታውሳለህ። ማህሌት እሱን አንስታ ሁለተኛ አልሸወድም አለችኝ። ዘካሪያስን ለምኜ አመጣሁት፤ እሱም የሚመቸው ከሰዓት ነበርና ሁለቱን ቁጥሮች አይቶ፣ እኔን አይቶ፣ ራሱን ነቅንቆ ሄደ። እትዬ ምግቧን ከተወች አምስተኛ ቀኗ ነበር። እሁድ ስትደውል «ደህና ናቸው» ያልኩህ ውሸቴን ነው። በሕይወቴ ካወራሁት ውሸት ሁሉ ያላሳቀኝ እሱ ብቻ ነው።

በመጨረሻ ማህሌት የጎማዋን ብድር እየመለሰች ነው ብዬ ጠረጠርኩ። ሰኞ ገና ሲነጋጋ ተነስቼ እባቦቹ ክፍል በር ላይ ከተሰቀለው ጃኬትህ ኋላ ተደበቅሁ። በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ። የገባችው እማዬ ናት፤ ነጠላዋን እንዳጣፋች፣ ከቤተ ክርስቲያን መመለሷ ነው። እጇ ላይ ጠበል የሞላ ሃይላንድ ይዛለች። ከፊት እንዳትሄድ እባቦቹን ማየት አትወድም፤ ስለዚህ በጀርባ በኩል ዞረች፣ አይኗን ጨፈነች፣ በእጇ እየዘገነች መደርደሪያው ጀርባ ላይ ሦስት ጊዜ ረጨች። ልክ ሴንሰሩ ላይ። ያ የጨርቅ ፕላስተር ጠበሉን እንደ ስፖንጅ መጠጠው። ለካ ሴንሰሩ ረጥቦ እየበረደው «በረደኝ፣ አሙቁ» ይላል፣ ሽቦው ይታዘዛል፣ እትዬ ትጋላለች። ፕላስተሩ እኩለ ቀን ላይ ሲደርቅ ነው ሁሉም የሚታረቀው።

ከጃኬቱ ስወጣ እንዴት እንደደነገጠች አልነግርህም። እንዲሞቱ ነው እንዴ የምትረጪያቸው አልኳት።

«እንዲሞቱ ብፈልግማ ላንተ ትቻቸው አርፌ እቀመጥ ነበር» አለችኝ። ከዚያ የሃይላንዱን ክዳን ገጠመችና፣ «ጌዲዮን ሲደውል መጀመሪያ የሚጠይቀው እነሱን ነው። እነሱ ካለቁ ምን ብሎ ይደውላል?» አለች።

ሃይላንዱን ከእጇ ተቀብዬ ሻይ አፈላሁላት። እኔ ቀናው!

ሴንሰሩን በላስቲክ ጠቅልዬ እንደገና አሰርኩት፤ አሁን ጠዋትም ከሰዓትም 31 ነው። እማዬን ጠበሉን ተይ ማለት አልሆነልኝም፤ እባቦቹን ትተሽ ጃኬቱን እርጪ ብዬ ተስማማን። ስትመጣ ሻጋታ ካገኘህበት እኔን እንዳትጠይቀኝ። እትዬም ቆዳዋን ገፍፋ አዲስ ሆነች፣ ትናንት አይጧን ዋጠች፤ ሁለቱ ወንዶችም እንደ ወትሮው ሰነፎች ናቸው። አንተ ግን እሁድ ስትደውል መጀመሪያ እማዬን ጠይቃት። ስለ ወገቧ ጠይቃት፣ ምን እንደበላች ጠይቃት። እባቦቹን መጨረሻ ላይ፣ ከእኔም በኋላ ጠይቅ። እኔ እንደነገርኩህ እንዳታስነቃ።

እማዬ ሰላም ብላሃለች፣ መጻፌን ባታውቅም ሁልጊዜ ስለምትል ነው። ማህሌት ሰላም ትልሃለች፣ ፕላስተሯን እንድትተካላትም ትጠይቃለች። አያታችን አቶ ተስፋሚካኤል ሰላም ብለውሃል፤ እሳቸው እስከ ዛሬ መደርደሪያው ውስጥ ያሉት ጫጩቶች ይመስሏቸዋል፣ መቼ እንደሚያድጉም ይጠይቃሉ። እትዬም ምላሷን አውጥታብሃለች፤ በእነሱ ቤት ሰላምታ ነው።

ቁጭ በል ያልኩህን በተመለከተ፣ ነገሩ ሁሉ ተጠቃሎ ሲታይ አንድ እፍኝ የማይሞላ ውሃ ነው። መነሳት ትችላለህ።

ታናሽ ወንድምህ ቀናው
አቃቂ ቃሊቲ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.