ፀደይ ያስቀመጠችው ሳሙና

ውድ አሰጋሽ፣

እማማ ሕመሙ ቀለል አላቸው? እኛ እዚህ ሱዳን፣ ዶካ ደኅና ነን። ልጅሽ ፀደይ ቁመቷ ጨምሯል፤ እኔንም እንደ ሰፈሩ ልጆች አባቷን በዓረብኛ «ያባ» ማለት ጀምራለች። የምጽፍልሽ ግን ብቻዬን ልፈታው ያቃተኝ ነገር ስለገጠመኝ ነው።

እናትሽን ልታስታምሚ መተማ ከመሻገርሽ በፊት ፀደይን ገበያ ይዘሻት ስትወጪ፣ ሦስት ሱቅ ሳትጠይቂ እንዳትገዢ ትዪያት ነበር። ያንኑ ይዛ ዘይት ልትገዛ ሄደች። ሦስቱንም ጠይቃ ወደ መጀመሪያው፣ ወደ ዩኑስ ሱቅ ስትመለስ ዋጋው ጨምሮ ጠበቃት። ቅድም የነገርከኝ ሌላ ነበር ብትለው፣ ቅድም ቅድም ነው አላት። ባዶ ጠርሙሷን ይዛ መጣችና፣

«ያባ፣ እማዬ ያስተማረችኝ ልክ አይደለም እንዴ?» አለችኝ።

ልክ ነው አልኳት። ታዲያ ለምን እንዳልሠራ ማስረዳት አቃተኝ።

እኔ ደግሞ ቆጥቢ እላት ነበር። ለጫማ ያጠራቀመችውን፣ ሰሊጡ እስኪታጨድ ታገሺ ብዬ አቆየሁባት። አጨዳው ሲያልቅ ያ ገንዘብ ለጫማው ግማሽ እንኳ አይበቃም። አላለቀሰችም። ወጥታ በገንዘቡ ሁሉ ሳሙና ገዝታ ተመለሰች። ተቆጣኋት። እሷ ግን የጅኔ ገንዘብ ሲቀመጥ ይረክሳል፣ ሳሙና ሲቀመጥ ይወደዳል አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ ቆይታ ገሚሱን ሸጠችና ጫማዋን ገዛች። መካሪዋ እኔ፣ ልደሰት ወይስ ልፈር አላወቅኩም።

የባሰው ከዚያ በኋላ መጣ። ከካርቱም ጦርነቱን ሸሽታ የመጣች ሐመልማል የምትባል ያገራችን ሴት ከጎናችን ተጠግታ ነበር፤ በቅርቡ ወለደች። ፀደይ ሕፃኑን ልታይ ስትገባ፣ ሐመልማል ለጨርቁ ማጠቢያ አንድ ሳሙና ብትጠይቃት፣ ልጅሽ «ዛሬ አልሸጥም፣ ነገ ይጨምራል» ብላት ወጣች። ሐመልማል ይህን የነገረችኝ እየሳቀች ነው። እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቤት ገብቼ ከፀደይ ሳሙና ሁለት አነሣሁና ወስጄ ሰጠኋት።

ፀደይ ስታውቅ ፊቷ ተለዋወጠ። የራሴ አይደለም ወይ፣ ለምን ሳትጠይቀኝ አለች። ለአራስ አይከለከልም አልኳት።

«እሱን መቼ አስተማራችሁኝ?» አለችኝ።

ዋጋ ማጠያየቁን አንቺ አስተማርሻት፣ መቆጠቡን እኔ። መስጠቱን ግን አይታ ትለምደዋለች ብለን የተውነው ይመስለኛል። ወይስ ልጅቷ ልክ ናት፣ የሷን በመውሰዴ ያጠፋሁት እኔ ነኝ? ሌሊቱን ስገለባበጥ አደርኩ፤ ኩርፊያዋም ቀናት ቆየ።

ትናንት ከእርሻ ስመለስ ሐመልማል ደጅ ቁጢጥ ብላ የሕፃኑን ጨርቅ ስታጥብ አገኘኋት። ሳሙናው እኔ ከሰጠኋት ሳይሆን ለፀደይ ከቀሯት አንዱ ነው። ፀደይን በነፃ ነው ወይስ አስከፍለሽ የሰጠሻት ብዬ ልጠይቃት አልኩና መልሱን ፈራሁት። ባልዲውን ከሐመልማል ተቀብዬ ውኃ ልቀዳ ሄድኩ።

የተዘጋው የመተማ መንገድ እንደተከፈተ ነይልን። እስከዚያው ግን ገበያ ስልካት ምን ብዬ እንደምልካት ጻፊልኝ።

ግራ የገባው ባልሽ፣
ዓለምነው