ከግንቡ ሥር ስለቀሩት ዓሦችና ስለዚያ የምስጋና ደብዳቤ

ለተከበሩ የግድቡ ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ፦

ክቡርነትዎ እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ እንደ ግንብዎ የጠና፣ ወንበርዎም የማይነቃነቅ ይሁን እያልኩ፣ እኔ ከግድቡ በታች የሚኖር የአንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ልጅና የአጥማጆቹ ማኅበር ጸሐፊ፣ ውድ ጊዜዎን ስለምሻማ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ ስላስተማሩን እናመሰግናለን። የእኛ አጥማጆች ድፍርሱ የክረምት ውሃ ሲመጣ መረባቸውን ለሁለት ሳምንት ሰቅለው፣ እንቁላል የያዘው ዓሣ ሽቅብ ወጥቶ ጠጠሩ ላይ እስኪጥል ድረስ እጃቸውን ይሰበስቡ ነበር። ግድቡ በተዘጋበት ክረምት ግን ዓሣው መውጫ አጥቶ ከግንቡ ሥር ተከማቸ፤ እኛም በረከት መስሎን፣ የአባቶቻችንን ሕግ ሽረን፣ እንቁላል በሆዱ እንደያዘ በቅርጫት ዛቅነው። ወይ አለማወቅ! ለካ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ሁለተኛ፣ በዚያው ሰሞን «ግድቡ ዓሣ አበዛልን» ብዬ የምስጋና ደብዳቤ የጻፍኩልዎ እኔው ነኝ፤ ምነው ያኔ እጄን በሰበረው! ክቡርነትዎ በመስታወት አስገብተው ኮሪደሩ ላይ ስለሰቀሉልኝ ኮርቻለሁ፤ ዓሣው ጠፋ ብለን አቤት ባልን ቁጥር ባልደረቦችዎ እሱን በጣታቸው እያሳዩ ይመልሱናል።

ሦስተኛ፣ ለዓሣ መውጫ ተብሎ በግንቡ ጎን የተሠራው የሲሚንቶ ደረጃ እጅግ ያማረ ነው። ውሃ አንድም ቀን ስላልተለቀቀበት፣ የጥበቃ ሠራተኞቹ ልብሳቸውን ያሰጡበታል፤ ቶሎ ይደርቅላቸዋል አሉ።

አራተኛ ቅሬታ የለኝም፤ ያለኝ ልመና ነው። አባቴ ዘንድሮ ክረምቱን ሙሉ መረብ ሲጥል ከርሞ ያገኘው ሦስት ዓሣ ብቻ ነው። ሦስቱም እንቁላል ነበራቸውና መልሶ ለቀቃቸው። ባዶ እጁንም ቤት ገባ። ክቡርነትዎ፣ የቀሩት ጥቂቶቹ ዘራቸው ሳይጠፋ፣ በመጪው ክረምት ለሁለት ሳምንት ብቻ በዚያ ደረጃ ላይ ውሃ ይልቀቁልን። ሌላ ምንም አንጠይቅም።

ከግንብዎ ጥላ ሥር ሆኜ፣ ወገቤ እስኪጎብጥ እጅ እየነሳሁ፣
አመስጋኝነቷ በኮሪደርዎ የተመሰከረላት፣ የአጥማጁ ልጅ

የረሳሁት፦ የግድቡን አምስተኛ ዓመት ሲያከብሩ ለእንግዶችዎ ምሳ መቶ የወንዝ ዓሣ እንድናቀርብ የላኩልን ትእዛዝ ደርሶናል። አባቴ ሁለት ጊዜ አስነበበኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ። አባቴ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ይህንንም ስላሳዩኝ እግዜር ይስጥልኝ።