ዓይን ያላት ጀልባ

ውድ ዘርአይ፣

ዛሬም ያው ቦሌ መንገድ ያለው የጉዞ ወኪል ቢሮ ተቀምጫለሁ። የማልታን ደሴት ለእረፍት ጎብኚዎች የሚያስተዋውቀው መጽሔት መስኮቱ ላይ በፀሐይ ነጥቷል። የመውጫ ቪዛ በማይሰጥበት አገር ለማን እንደምናስተዋውቅ አለቃዬም አያውቅም። ሰው ቆም ብሎ ያያል፣ ግራ ቀኙን ይቃኛል፣ ይሄዳል።

እኔና አንተ ጫጉላችንን እዚያ ልናሳልፍ ቆርጠን አልነበር? ቪዛው ሲከለከል ጎሮ ሜዳ ላይ የአንድ ቀን ሽርሽር ሆኖ ቀረ። አንተ ግን ባሕርን በዓይንህ ሳታይ እዚያም መርከበኛ መስለህ ታወራ ነበር። «ከጫፍ እስከ ጫፏ ደብረ ዘይት አያደርስም፤ ብንኳረፍ እንኳ አንጠፋፋም» አልከኝ። እኔ ግን እዚሁ፣ ከቤታችን በእግር በሚደረስ ግቢ ውስጥ አጣሁህ።

የከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ግቢ ሲያስሩህ ደብዳቤ ክልክል ነው ተባልኩ። ስለዚህ የስንቅህን ዳቦ ከመጽሔቱ ትርፍ ቅጂ በገነጠልኩት ገጽ እየጠቀለልኩ መላክ ጀመርኩ፤ በየቀኑ አንድ ገጽ፣ በተራው። የመጀመሪያ ቀን በር ላይ የቆመው አብዮት ጠባቂ ወረቀቱን ገልብጦ አየው።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?»

«ጀልባ።»

«ዓይን አላት እንዴ?»

«ዓሣ አጥማጆቹ ናቸው የሚስሉላት። ከክፉ ትጠብቀናለች ይላሉ።»

«እዚህ ምን ልትሠራለት?» ብሎ ሳቀና አስገባት።

ብቻህን የምታነበው መስሎኝ ነበር። አብሮህ ታስሮ የነበረው ባለሱቁ አብዱልገኒ ተፈትቶ ቢሮ ድረስ ሲመጣ ነው ነገሩን የሰማሁት።

«እህቴ፣ ዘርአይ ማታ ማታ በገጾቹ ማልታን ያስጎበኘን ነበር» አለኝ። «ወደቡን አሳየን፣ ገበያውን አዞረን። አንድ ሽማግሌ ባሕር ያዞረኛል ብለው ከኋላ አልቀመጥም አሉ። አንዲት ክፍል ውስጥ እንደዚያ ታጭቀን፣ ጀልባ ላይ በቦታ ተጣላን እኮ።» ሳቅ ጀምሮ መሐረቡን አወጣ። «የመመለሻው ገጽ ነገ ይመጣል ብሎን ነበር። በዚያው ሌሊት ስሙን ጠሩት።»

በማግስቱ ይዤው መጥቼ ነበር፣ ዘርአይ። ያ የሳቀው ልጅ ነበር በሩ ላይ። ጥቅሉን ሳይፈታ መለሰልኝ። «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ» አለኝ፣ መሬት መሬቱን እያየ።

ልቅሶ መቀመጥ ተከልክያለሁ፤ ጥቁርም አልለበስኩም። ቢሮ እመጣለሁ፣ ስልክ አነሳለሁ፣ ለአለቃዬ ደህና ነኝ እላለሁ። ደህና አይደለሁም። የት እንደቀበሩህ እንኳ የሚነግረኝ የለም።

ዳቦውን ለወፎች ፈረፈርኩት። ገጹ ግን መሳቢያዬ ውስጥ አለ። መርከቡ በማለዳ እንደሚነሳ ይናገራል፤ ጎብኚዎች እንዳይዘገዩም አደራ ይላል። ሳላነበው የምውልበት ቀን የለም።

መመለሻህን ይዛ የቀረችው፣
ሃረገወይን