ዱድ ብላ ጠራችኝ

ጥቅምት 4
ሁለት ሙሉ ልብስ ቆረጥኩ። የአንዱ ባለቤት ከተለካ ወዲህ ወፍሯል፤ ጥፋቱ ግን የመቀስሽ ነው ይለኛል።
የባለቤቴ ልጅ ከትምህርት ቤት ገባች። «እንደምን ዋሉ?» «ደህና። ምሳ አለልሽ።» «አመሰግናለሁ፣ አይቸገሩ።» ከአባቷ ጋር ከተጋባን ሁለት ዓመታችን፣ እሷ ግን እስካሁን እንግዳ ናት። በምንም አትጠራኝም። አልፈርድባትም፤ እናቷን የቀበረች ልጅ ናት።
በወሩ መጨረሻ የእናቷ እህት ትመጣለች። ልውሰዳት ብላለች፤ አባቷ ምርጫውን ለልጅቷ ትቶታል። ትሄድብኝ ይሆን? እኔን ማን ጠየቀኝ...

ጥቅምት 9
የስልኳ ቻርጀር ገመድ ጠልፎኝ ልወድቅ ስል፣ «ዱድ! ቀስ በይ እንጂ!»
በይ አለችኝ። አንቺ! ወዲያው ደነገጠች፤ «ይቅርታ... እርስዎን ማለቴ...» ብላ ክፍሏ ገባች። ልቤ እስካሁን አልተመለሰም። ግን ዱድ ምንድን ነው? ስድብ ቢሆንስ?

ጥቅምት 11
የሰፈራችን እንግሊዝኛ አስተማሪ ሱሪ ሊያሳጥሩ መጡ። እግራቸው ሥር ተንበርክኬ፣ ስፒል በአፌ፣ ዱድ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኳቸው።
«ማን አለሽ?»
«አንድ... ሰው።»
ሳቁ። ከመቶ ዓመት በፊት መሳለቂያ ነበር አሉ፤ ከመስታወት ፊት ለማይጠፋ ቀብራራ የከተማ ወንድ የወጣ። ሥሩ «ቂል» ማለት ነው የሚሉም አሉ። ክው አልኩ። ቀብራራ፣ ወንድ፣ በዚያ ላይ ቂል...
«ዛሬስ?»
«ዛሬማ ወንድ ሴት አይልም። ልጆች የሚቀርቡትን ሰው ይጠሩበታል። የሚፈሩትን አይሉም። ይኸው ስንት ዓመት ሳስተምር እኔን አንድ ተማሪ ብሎኝ አያውቅም።»
ቅር ያላቸው መሰለኝ። እኔ ግን በደስታ ስፒሉን ልውጠው ነበር። የሱሪያቸውን አንድ እግር አጉል አሳጥሬዋለሁ፤ ነገ ይፈታል።

ጥቅምት 13
አልደገመችውም። ገመዱን ሆን ብዬ ልርገጠው?

ጥቅምት 28
አክስቷ ባዶ ሻንጣ ይዛ መጣች። ከኩሽና ሆኜ ጆሮዬን ጣልኩ።
«የራስሽ ክፍል አዘጋጅቼልሻለሁ።»
«አውቃለሁ፣ አክስቴ።»
«ታዲያ?»
«ፈተና ደርሷል... ደግሞ እዚህ ለምጃለሁ።»
ለምጃለሁ! ወጡ አረረ። ይረር።

ኅዳር 2
ሳህን እጠቢ አልኳት። «ቆይ።» ደገምኩላት። «ኧረ ዱድ፣ ነገር አታብዢ! አጥባለሁ አልኩሽ አይደል?» በሩን በላዬ ላይ ጓ አድርጋ ዘጋችው።
አባቷ ሊቆጣት ብድግ አለ። እጁን ያዝኩት።
«ተቀመጥ። የእኔ ልጅ ናት፤ እኔው እቆጣታለሁ።»
ገብቼም ደህና አድርጌ ተቆጣኋት።