እኩል ባልሆኑ ጫማዎች ላይ ሦስት ጊዜ ስለተቆረጠ ክፍያ

ለተከበሩት የክፍያ አስተላላፊው ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎና በየሦስት ወሩ ለሚያድገው የአገልግሎት ክፍያዎ ያለኝን መልካም ምኞት እገልጻለሁ። እኛም ደህና ነን፤ ደህና በመሆናችን እስካሁን የተቆረጠብን ነገር የለም።

የጫማ ሰሪ ልጅ ነኝ። አባቴ አንድ መስኮት ባላት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ ግራና ቀኝ እግራቸው እኩል ላልሆነ ሰዎች ጫማ ሲሠራ አርባ ሦስት ዓመት ሞላው። እንዲህ ያለ ሰው ሱቅ ሲሄድ ሁለት ጥንድ ገዝቶ ከየጥንዱ አንድ አንዱን ይጥላል፤ አባቴ ዘንድ ሲመጣ ግን አንዱን ሠላሳ ሰባት ሌላውን ሠላሳ ዘጠኝ ቁጥር አድርጎ በአንድ ጥንድ ዋጋ ይሰጠዋል። ከሁለት ዓመት ወዲህ እኔ በኢንተርኔት ገጽ ከፍቼለት፣ ደንበኞች እግራቸውን ወረቀት ላይ አሳርፈው ዙሪያውን በእርሳስ ይሥላሉ፣ ሥዕሉን በፎቶ ይልካሉ፣ በእርስዎ ድርጅት በኩልም ይከፍላሉ። ለዚህ ውለታዎ ምስጋናዬን በቁጥር ከፋፍዬ ላቅርብ።

፩. ከመቶ ሁለት የነበረውን ክፍያ ከመቶ አራት ተኩል ስላደረሱልን እናመሰግናለን። ማስታወቂያዎ ጭማሪው በተሻለ ሁኔታ ለማገልገል እንደሆነ ይገልጻል። በማግስቱ መተግበሪያው ለሁለት ቀን አልከፈት ማለቱን ቅሬታ አላደርገውም፤ የተሻለውን አገልግሎት ወዲያው ለማየት መቸኮል የእኛ ስግብግብነት ነው።

፪. ገንዘብ ለደንበኛ ሲመለስ፣ ሲገባ የቆረጡትን ያስቀሩና ለመመለሻው ደግሞ አዲስ ይቆርጣሉ። ሰው ሲገባም ሲወጣም የሚያስከፍል በረኛ ሰፈራችን ውስጥ ቢገኝ ጎረቤት ተሰብስቦ ያባርረው ነበር፤ እርስዎ ግን የተጻፈ ደንብ ስላለዎት ተከብረው ይኖራሉ።

፫. ይህኛው ትንሽ ይረዝማልና ይታገሡኝ። ባለፈው ወር አንዲት መምህርት ጫማ አዘዘች። በልጅነቷ ከያዛት ሕመም የተነሣ ግራ እግሯ ከቀኙ በሁለት ቁጥር ያንሳል። ጫማው ሲደርሳት ደስ ብሏት ይህንኑ ልትጽፍልን ፈለገች፤ በመተግበሪያዎ ላይ ግን ሰው የሚጽፍበት ባዶ ቦታ ያለው አንድ ቅጽ ብቻ ነው፣ እሱም የቅሬታ ቅጽ ነው። ደስ ያለው ደንበኛ ይኖራል ብላችሁ አለመጠበቃችሁን እረዳለሁ። መምህርቷም በዚያው ቅጽ ላይ ሁለቱ ጫማዎች እኩል አለመሆናቸውንና የሠራቸውን እጅ እግዚአብሔር እንዲባርከው ጻፈች። ድርጅትዎ የመጀመሪያውን ግማሽ አንብቦ ገንዘቡን ከእኛ አንሥቶ መለሰላት። እሷ አፍራ እንደገና ከፈለች፤ ለአንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ ተከፍሏል ተብሎ ተመለሰላት። ለሦስተኛ ጊዜ ከፈለች፤ ለሦስተኛ ጊዜ መለሳችሁላት። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሲባል ትርፍ የሌለው ድካም ይመስለኝ ነበር፤ በቀዱና በመለሱ ቁጥር የሚከፈልበት ሙያ መሆኑን ያሳወቁኝ እርስዎ ነዎት። የተቆረጠው ሲደመር ከጫማው ቆዳ ዋጋ በልጧል።

ለደንበኞች አገልግሎት ክፍልዎ ስደውል፣ ሠራተኛዋ አርባ ደቂቃ ካስጠበቀችኝ በኋላ እጅግ በትሕትና ጉዳዩን አጣርታ፣ ሁለቱን ጫማዎች እኩል አድርገን በድጋሚ እንድንልክ መከረችኝ።

ይህን ሁሉ በትዕግሥት አልፌው ነበር። ነገር ግን ገጹ የተመዘገበው በአባቴ ስም ነውና፣ ደንበኛዎ በሥራዎ ጥራት ስላልረኩ ገንዘባቸው ተመልሷል የሚለው፣ ምክንያቱ ቢለያይም የማይለወጠው መልእክታችሁ ሦስቱንም ጊዜ የገባው በእሱ ስልክ ነው። ለማንም ሳይናገር የመምህርቷን የእግር ሥዕል ከመሳቢያ አወጣ፤ መስኮቱ አጠገብ ቆሞ ከሠራበት ፎርማ ጋር እያስተያየ ደጋግሞ ለካው። ከዚያ ወስፌውን ጠርጎ በጨርቅ ጠቀለለው። ዓይኔ ከድቶኛል፣ ከእንግዲህ የሰው እግር አላቆስልም አለኝ። የሆነውን ከሥር ከመሠረቱ ባስረዳውም፣ ልታጽናኚኝ ነው ብሎ አላመነኝም፤ የእርስዎ መልእክት ከግርጌው የድርጅት ማኅተም አለው፣ የእኔ ቃል የለውም። አሥራ አንድ ሰዎች የላኩት ሥዕል ጠረጴዛው ላይ ተከምሮ፣ እሱ ቀኑን ሙሉ ሬዲዮ ያዳምጣል፤ ምን እንደተባለ ብጠይቀው ግን አያውቅም። ክቡር ሆይ፣ አንጀቴ አርሯል። ለዚህ የሚሆን ጨዋ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

ስለሆነም ገንዘቡን አልጠይቅም፤ ይጥቀምዎ። የምለምነው አንድ መስመር ብቻ ነው፣ እሱም ለእኔ ሳይሆን ለአባቴ ይጻፍልኝ፤ በጫማው ላይ ያዘነ ደንበኛ እንደሌለና ስህተቱ የድርጅቱ እንደሆነ የሚገልጽ፣ ማኅተም ያረፈበት መስመር። ማኅተሙ የሚያስቆርጥ ከሆነ ለመክፈል ዝግጁ ነኝ፤ ከመቶ ስንት እንደሆነ ብቻ አስቀድመው ያሳውቁኝ።

ለድርጅትዎ ዕድገት ሳትወድ በግዷ የምትደክመው፣ ቀሪ ሒሳቧ በፈቀደላት መጠን ዝቅ ብላ እጅ የምትነሣው፣
የጫማ ሰሪው ልጅ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤዬን ጨርሼ ሳልልከው መምህርቷ በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት ተጉዛ፣ ከመናኸሪያው እስከ ቤታችን በእነዚያው ጫማዎች በእግሯ መጣች። አባቴ ሰላምታዋን እንኳ በቅጡ ሳይመልስ ዓይኑን እግሯ ላይ ተከለ። እስከ በሩ ሄዳ እንድትመለስ አደረጋት፣ በርከክ ብሎ ጣቶቿን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገ፣ የሚቆረቁራት ቦታ እንዳለ ጠየቃት። እሷም መንገዱን ሙሉ እግር እንዳላት ረስታ እንደመጣች ነገረችው። ገንዘቡን ከቦርሳዋ አውጥታ በእጁ ሰጠችው፤ በእርስዎ በኩል ሰባት የሥራ ቀን የሚፈጀው መንገድ አንድ ክንድ ሆኖ ተገኘ፣ የጎደለም የለም። ስለዚህ የጠየቅሁትን መስመር ለመጻፍ አይድከሙ። አባቴ ሥራ ይዟል፤ የእርስዎን ደብዳቤ የሚያነብበት ጊዜ የለውም።