የጠመንጃ አማና

ጥቅምት 9 ቀን 1954

የከሚሴ ገበያ ነበር። አንድ ጣቃ አቡጀዲና ሁለት ሻሽ ሸጥኩ። በጓሮ በር ነው፣ እንደ ልማዴ... የገበያውን በር ሸምሱ ከሞተ ወዲህ ከፍቼው አላውቅም። ምን ልይ ብዬ ልክፈተው? ባሌ ወድቆ የቀረው እደጃፉ ላይ ነው። አደም የሚሉት የጨፋ ገበሬ ከበቅሎው ሊወርድ ሲል ምንሽር ጠመንጃው ባርቆ መታው። ጥይት አጉርሶ ገበያ መግባት!

ሽማግሌ ገብቶ የሸምሱ ወንድሞች ታርቀዋል። ታናሹ ሙሄ ግን የታረቀው በአፉ ብቻ ነው፣ አውቀዋለሁ። እኔንም "አውፍ በይው፣ ይቅር በይው" አሉኝ። አላልኩም። ምላሴ እንቢ ካለ ምን ላድርግ?

ዛሬ ደግሞ ሌላ ጠመንጃ ባርቆ የአንድ የባቲ ነጋዴ አህያ ገደለ። ሰዉ ሳቀ። ወላሂ ሳቀ! እኔ ግን ጣቃው ላይ ተቀመጥኩ።

ጥቅምት 10

ከጁምዓ በኋላ ዋርካው ሥር ሸንጎ። ጠመንጃ ገበያ ይግባ ወይስ አይግባ... ሴቶቹ ከዳር ቆመን ሰማን።

አንዱ ተነስቶ "ወንድ ልጅ ጠመንጃ ሳይዝ ገበያ ገብቶ ምን ሊመስል ነው?" አለ። አፌ መቼ ያርፋል! "ሰው ይመስላላ!" አልኩ። ሳቁ። ሌላው ግን "ከሰንበቴ ከብት ነድቼ ስመጣ መንገድ ላይ ሽፍታ አለ። ባዶ እጄን ልምጣ?" አለ። ይሄስ እውነት ነው። "የቆላው ሰው ታጥቆ እየመጣ እኛ ብቻ እንፍታ?" ያለም ነበር። ሽማግሌው አባ ሲራጅ "ለሁሉም ነው እንጂ! መንገዱን ታጥቃችሁ ኑ። ገበያው አፍ ላይ ስትደርሱ አስቀምጡ" አሉ።

የት ይቀመጥ? መስጊድ ሲባል ሼሁ "የአላህ ቤት የጠመንጃ መስቀያ አይደለም" አሉ። ፖሊስ ጣቢያ ሲባል ሁሉም እንቢ አለ። እዚያ የገባ መቼ ሊወጣ? እገሌ ይያዝ ሲባል "ከነሱ ጋር ደም አለን"። እገሌስ ሲባል እሱም ደመኛ። የተጠራው ወንድ ሁሉ ደም አለበት! በመጨረሻ አባ ሲራጅ ወደ እኔ ዞሩ።

"ዓዲላ ትያዝ። ሱቋ ገበያው አፍ ላይ ነው። ሴት ደግሞ ደም አትመልስም።"

አትመልስም... አይቆረቁራትም ማለት ነው? ቱግ ብዬ እንቢ ልል አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን "እሺ" ነው። ለምን? በዚያ አህያ ሲስቁ ስላየሁ ይመስለኛል።

ጥቅምት 15

የገበያውን በር ከፈትኩት። ማጠፊያው ዝጎ ጮኸ። እኔም ትንሽ አለቀስኩ።

ጥቅምት 16

ያ ረቢ! ምን ዓይነት ቀን ነው ያዋልከኝ?

ከጠዋት ጀምሮ ጠመንጃ በጠመንጃ ሆንኩ። ጥይቱን አውጡ እላለሁ፣ ያወጣሉ። እንዳይምታታብኝ አቡጀዲ እቀድና ግማሹን ሰደፉ ላይ አስራለሁ፣ ግማሹን ለባለቤቱ እሰጣለሁ። ያንዱ አቀዳደድ ከሌላው አይገጥምማ። "አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ ዓዲላ? ወታደር ገባሽ አሉ!" እያሉ ያሾፉብኛል። "አፋችሁንም እዚሁ አስቀምጡ" እላቸዋለሁ።

ሙሄም ቤልጅግ ጠመንጃውን አስቀመጠ። ከዚያ አደም መጣ። ምንሽሩን አወቅኩት። ያው ራሱ ነው... "አማና፣ አደራሽን" አለኝ መሬት መሬት እያየ። ጨርቅ ቀደድኩለት።

የቀትሩ ዙሁር ተሰግዶ ብዙም ሳይቆይ ሙሄ እየሮጠ መጣ።

"እታለም፣ ቤልጅጌን ስጪኝ።"

"ወደ ቤት ልትሄድ ነው?"

"ስጪኝ አልኩሽ! አማና አይደል?"

ዓይኑን ሳየው ገባኝ። አደም ገበያው መሀል ባዶ እጁን ቆሟል። ባዶ እጁን ያስቆምኩት ደግሞ እኔ! ልከልክለው? ባለቤቱ ሲጠይቅ አማና መከልከል ሐራም ነው። ዛሬ አንዱን ብከለክል ነገ ማን አምኖኝ ጠመንጃውን ሊያስቀምጥ? ያ ሁሉ ሰው ዳግመኛ ታጥቆ ሊገባ ነው... ሰጠሁት። ጥይቱንም ሰጠሁት። ከዚያ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አጥብቄ አሰርኩ።

"በል፣ እኔ ከፊት እሄዳለሁ።"

"ወዴት?"

"አንተ ወደምትሄድበት ነዋ።"

ገበያውን መሀል ለመሀል አቋረጥነው። እኔ ከፊት፣ እሱ ከኋላ። ሰዉ ሁሉ መንገድ ለቀቀልን። አደም በርበሬ እየመረጠ ነበር። ቀና ብሎ አየን። አልሮጠም። እሱን ከኋላዬ አድርጌ ወደ ሙሄ ዞርኩ።

"ፈቀቅ በይ እታለም።"

"አልልም! ሸምሱን ከዚህ ገበያ በቃሬዛ አስወጣሁት። አንተን ደግሞ በሰንሰለት ታስረህ ስትወጣ ልይ? ማን ቀረኝ፣ ሙሄ? በል ንገረኝ፣ ማን አለኝ?"

በሰው ፊት ጮኼ አለቀስኩ። አላፈርኩም። ሙሄ አፈሙዙን ወደ መሬት ደፋው። ጠመንጃውን እራሱ ተሸክሞ ሱቅ ድረስ መልሶ አመጣልኝ።

አመሻሽ ላይ አደም ግማሽ ጨርቁን ይዞ መጣ። ገጠምኩና ምንሽሩን ሰጠሁት። "ዓዲላ..." ብሎ ቆመ። የሚለውን አውቃለሁ። "ሂድ፣ ይመሽብሃል" አልኩት። ነፍሱን አድኜለት እንኳ አውፍ ማለት አቃተኝ። ምን ዓይነት ልብ ነው ያለኝ?

ጥቅምት 17

አባ ሲራጅ አዲስ ደንብ አወጡ። ጠመንጃ የሚመለሰው ባለቤቱ ገበያውን ጨርሶ ሊወጣ ሲል ብቻ ነው፣ በሽማግሌ ፊት። ትናንትና ቢያስቡት ምን ነበረበት!

ጥቅምት 23

ሙሄ ሳልጠራው መጣ። ጠመንጃ እየተቀበለ ግድግዳው ላይ ሲደረድርልኝ አረፈደ።

አደም መጣ። ትከሻው ባዶ ነው። ከጨፋ እስከ ከሚሴ፣ ያን ሁሉ መንገድ!

"ምንሽርህስ?"

"ቤት ነው። ሁለተኛ ገበያ ይዤው አልመጣም።"

"ሽፍታስ ቢገጥምህ?"

"አላህ አለ" አለና ለሙሄ ጀርባውን ሰጥቶ ዱካው ላይ ተቀመጠ። ለልጁ ቀሚስ ጨርቅ እንድለካለት ጠየቀኝ። የሙሄ እጅ ላይ የሰው ጠመንጃ አለ። ሙሄ አየኝ። አደምን ከኋላው አየው። ከዚያ ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደገፈና መጥቶ የጨርቁን ወዲያኛውን ጫፍ ያዘልኝ። እኔና እሱ ወጥረን ለካነው። ወጥረን ቀደድነው።

አጥፌ ለአደም ስሰጠው "አውፍ ብዬሃለሁ" አልኩ። እንዲያው ከአፌ ወጣ።

አደም ጨርቁን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ። ሙሄም ፊቱን አዞረ። እኔማ "አዲስ ጨርቅ አራሳችሁት!" ብዬ ተቆጣሁ፣ እንባዬ እየወረደ። ሸምሱ ቢኖር በሳቅ ይሞት ነበር።